መዥገር ለቃሚው ባል

እኛ ሰዎች አንድ ፍጥረት ሲበላ እያየን ዝም ማለት አይሆንልንም። ወዲያው ዳኛ ሆነን ቁጭ እንላለን። ነብር ሚዳቋ ሲበላ ጨካኝ ነው፤ እኛ ያችኑ ሚዳቋ ስንበላ አዳኞች ነን። ንብ ከአበባው ስትቀስም ታታሪ ትባላለች፤ አንበጣ ከቅጠሉ ሲቀምስ መቅሠፍት ይባላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ልዩነቱ ከበላተኛው አፍ የተረፈ ለእኛ ደረሰን አልደረሰን ነው። ማሩ ስለደረሰን ንብን ወደድናት። አንበጣም እንደ ንብ ማር ቢሰጥ ኖሮ ስንት ነገር ይባልለት ነበር!

ይህን ፍርዳችንን ማመን ያቆምኩት በአንዲት ወፍ ምክንያት ነው። ወደ አሶሳ የነገዳችሁ ታውቋታላችሁ። ላልነገዳችሁ ልንገራችሁ፦ ቡናማ ናት፣ ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ምንቃሯ ቀይ ነው፣ ዓይኗም እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ይመስላል። ኑሮዋ በከብት፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ላይ ነው። መዥገር ትለቅማለች። ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ሆድ ሥር ተንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ጆሮ ውስጥ አንገቷን አስገብታ ትፈትሻለች፤ ሲደክማት ዳሌ ላይ ወጥታ ርስቱን እንደሚቃኝ ባላባት ዙሪያ ገባውን ታያለች። ጅራት ሥር መፈተሽ ስትፈልግ እንስሳው ራሱ ጅራቱን ገለጥ አድርጎ ይጠብቃታል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ መተማመን በባልና በሚስት መካከል እንኳ አላየሁም። ባልና ሚስት ካልኩ አይቀር ወደ ምትኩ ልምጣ።

ምትኩ የንግድ ጓደኛዬ ነበር። አገራችን በመተከል የደጋው ጫፍ ነው። በጋ ሲገባ አሞሌያችንን ጭነን አባይን እንሻገርና ቆላ ለቆላ አሶሳ እንወርዳለን፤ ስንመለስ ከኩርሙክ በኩል የመጣውን አቡጀዲ፣ ሲቀናን ደግሞ በአሞራ ላባ ክፍት አገዳ ውስጥ የተጠቀጠቀ የወርቅ አሸዋ ይዘን እንመጣለን። ከብቱን ሁሉ የፈጀው ክፉ ቀን ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ አገሩ ገና እያገገመ ነው።

የምትኩ ጠባይ በአንድ ቃል ይነገራል፦ ጠንቃቃ ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ የሰው አይመኝም። ጉዞ ላይ ስናርፍ ሁላችን ጥላ ፍለጋ ስንሮጥ እሱ የጭነቱን ገመድ ይፈታና እንደገና ያስራል። የእሱን ሲጨርስ የእኔን ይፈታል። «ላልቷል» ይለኛል። አልላላም። ግን ማን ይከራከረዋል?

በዚያ ዓመት ሚስቱ እናኑ ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ተሰበሰበ።

«መታሽ?»

«ኧረ አልመታኝም።»

«ይሰክራል?»

«እሱ? አይቀምስም።»

«ሌላ ሴት ያዘ?»

«ጊዜ የት አግኝቶ!»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

ዝም። ደግመው ጠየቋት፣ ዝም። ሽማግሌዎቹ በጠላው ላይ ተመካክረው ነገሩ ጥጋብ ነው ብለው ተነሱ። ምትኩ ግን እንደ ሕፃን ልጅ እያለቀሰ እኔ ቤት መጣ። እናኑን ይወዳታል። እንዲያው መውደድ ብቻ አይደለም፣ ያለ እሷ ቤቱ መግባት አቃተው፤ ደጅ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይመሽበታል።

የእናኑ አባት አባ ቢሻው ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። ፈርዶ ከመነሳት ማየት ይወዳሉ። ሸጊት የምትባል፣ አገር የሚያውቃት በቅሎ አለቻቸው፤ ስትወለድ እጃቸው ላይ የወደቀች፣ ጀርባዋ መስተዋት የመሰለ። ምትኩን አስጠሩትና ልጓሟን ሰጡት።

«ልጄን ስድርልህ የአባትህን ዘር አይቼ እንጂ እጅህን አይቼ አልነበረም» አሉት። «አሁን እጅህን ልየው። ሸጊትን ጭነህ አሶሳ ድረስ ውረድ፣ ለዳግማ ትንሣኤ መልስልኝ። ጀርባዋ እንደሄደ ከተመለሰ ሚስትህን ይዘህ ትገባለህ። ከገጠበች ግን እናኑ እዚሁ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ምስክር ነህ። ያየኸውን ትነግረኛለህ።»

የጭነት ከብት ያለው ሰው መግጠብ ምን እንደሆነ ያውቃል። ኮርቻው ወይም ጭነቱ ጀርባውን እየፈገፈገ ሲልጠው፣ ያ ልጥ ቁስል ሲሆን፣ ገጠበ ይባላል። የአንድ ሰው ስንፍና በሌላ ፍጥረት ጀርባ ላይ ሲጻፍ ማለት ነው። ምትኩ ፈተናውን ሲሰማ ፊቱ በራ። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? በጥንቃቄ ነው የተፈተነው!

ያ ጉዞ ለሸጊት ጉዞ አልነበረም፣ ሽርሽር ነበር። ከጭነቷ የሚበዛው ወደ እኔ አህዮች ተዛወረ። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ግላሷ ታጥፎ፣ ተራግፎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ እንደገና ታጥፎ ይደረብላታል። ዳገት ላይ ይፈታላታል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈታላታል፣ ሜዳ ላይም ምክንያት አይጠፋም። አሶሳ ስንቃረብ ጫንቃዋ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ልጥ ወጣች። አታምኑኝም ይሆናል፣ ግን ያወጣት ጭነቱ አይደለም። አሥሬ እየተፈታ አሥሬ ሲታሰር የዋለው ገመድ ነው።

«ትንሽ ናት» አልኩት።

«ለአባ ቢሻው ትንሽ የሚባል የለም» አለኝና ተቀመጠ።

አሶሳ የምናርፈው ቡሽራ ግቢ ነው። ቡሽራ የአገሩ ተወላጅ፣ ገበሬም ነጋዴም፣ ሰላቱን የማያዛባ ሰው ነው። አማርኛውን የለመደው ከእኛ ከሲራራ ነጋዴዎች ስለሆነ ከሰላምታው ይልቅ የዋጋ ክርክሩ ይቀለዋል። ከክፉው ቀን የተረፉ ጥቂት ላሞች አሉት፤ ይሳሳላቸዋል። ከላሞቹ ጋር አብረው የተረፉት እነዚያ ወፎች ናቸው። ከብቱ ሲያልቅ እነሱም ማዕዳቸው አልቆ ነበርና ቡሽራ በሐዘን የተገናኙ ዘመዶች አድርጎ ነው የሚያያቸው።

በማግስቱ ጠዋት ወፎቹ አዲስ እንግዳ መምጣቱን አዩና ሸጊት ላይ ሰፈሩ። ሸጊት ደጋ አድጋ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም፤ መጀመሪያ ቆዳዋን አንቀጠቀጠች፣ ኋላ ግን አንዷ ጆሮዋ ውስጥ ስትገባ ዓይኗን ጨፈነች። ቆላው መዥገር በመዥገር አድርጓት ነበርና እፎይ አለች። ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ አንዷ ወፍ በመንገዷ ላይ ያችን ልጥ አገኘች፤ ነካ አድርጋ አለፈች። ምትኩ አየ። ድንጋይ አነሳ።

«ያ አኺ! ወንድሜ! ምን ነው?» ብሎ ቡሽራ ከቤት ወጣ። «ወፍ ምን አደረገ? እሱ መዥገር ይበላል፣ ሌላ ሥራ የለው። የእኔ ላም ማን ያጥባል? አንተ ታጥባለህ? ወላሂ ድንጋይ ሁለተኛ አይወረወርም እዚህ!»

ድንጋይ ተከለከለ። ምትኩ ተቀምጦ አሰበ። ምትኩ ሲያስብ መፍራት ነበረብን።

«ስማ» አለኝ ከሰዓት በኋላ። «ወፏ የምትመጣው ለመዥገሩ ነው አይደል? መዥገር ከሌለ ለምን ትመጣለች?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ነገሩ ቀዳዳ የለውም። ምትኩ እጅጌውን ሰበሰበና ጀመረ። ያን ዕለት ዋለበት፣ የሚቀጥለውንም ዋለበት። በብብቷ፣ በጡቷ ዙሪያ፣ በጆሮዋ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ቦታ ሳይቀር መዥገሯን አንድ በአንድ ነቀለ፤ ነቅሎም ድንጋይ ላይ በድንጋይ ጨፈለቀ። ገበያተኛው ቆሞ ያየው ነበር። አሶሳ ብዙ ዓይነት ነጋዴ አይታለች፤ ከወፍ ጋር የሚሻማ ግን አይታ አታውቅም። ሸጊት በመጨረሻ ታጥቦ የተገለበጠ ገበታ መሰለች።

ወፎቹ መጡ። እንደ ወትሯቸው ጆሮዋን ፈተሹ፣ የለም። ብብቷን ፈተሹ፣ የለም። ጅራቷን ገለጥ አደረገችላቸው፣ እዚያም የለም። ወፍ ግራ ሲገባው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ከዚያ እስኪ ሌላ የሚቀመስ አለ ወይ ብለው ሲዞሩ፣ በዚያ ሁሉ ንጹሕ ጀርባ ላይ የተረፈው ምግብ አንድ ብቻ ነበር። ቁስሏ። ተሰበሰቡባት።

እዚህ ላይ ስለ ኬላ ካላወራሁ ሆዴ አይችልም። በመንገዳችን ላይ አንድ ኬላ ነበር። ጠባቂዎቹ ያለፈውን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይቀምሱታል፦ ከማር ጭነት አንድ ጭልፋ፣ ከአሞሌው ስባሪ፣ እንዲህ እንዲህ ያለች ነገር። እናማርር ነበር። ማማረር የነጋዴ ስንቅ ነው። በኋላ አንድ ጥብቅ አለቃ ተሾመና እጅ መንሻ የሚባል ነገር እንዳይሰማ ብሎ አስማለ። እሰይ አልን። ጠባቂዎቹም መሐላቸውን አክብረው እጅ መንሻ ተው፤ ጭነት መፈተሽ ጀመሩ። ሲፈትሹ ያስፈታሉ፣ ሲያስፈቱ ይበተናል፣ የተበተነው ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። በዓመቱ እኛው ነጋዴዎች ተሰብስበን ያን ጭልፋ ማር እያነሳን እንናፍቅ ነበር። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። መዥገሩን ነው የለቀመው።

ወደ ሸጊት ልመለስ። የጥፍር ያህሏ ልጥ መዳፍ አከለች። ምትኩ የማያውቀው መድኃኒት አልቀረም፣ ሬት ቀባ፣ ትንባሆ ዘፈዘፈ፣ ጭራ ይዞ ከጎኗ ቆሞ ሲያራግብ ዋለ። ወፎቹ ትንሽ ዘወር ይሉና እሱ ላብ ሲጠርግ ይመለሳሉ። በቀባ ቁጥር የደረቀውን የቁስል ቅርፊት ራሱ ስለሚገልጠው፣ ወፎቹ ሲደክሙ ሥራውን እሱ የሚቀጥልላቸው ይመስል ነበር። ሁዳዴው እየተገፋ ነው። አንድ ቀን ከጎኗ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

«እናኑ ሄደች» አለኝ። «በእጄ ይዣት ሄደች።»

አንጀቴን በላው። «ጠባሳው ነጭ ጸጉር ያበቅላል እንጂ ይድናል» አልኩት፤ ይህም ለእሱ መርዶ ነበር።

ያዳነን ቡሽራ ነው። ለበቅሎዋ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። የወፎቹ ጫጫታ፣ የምትኩ ጭራ፣ የትንባሆው ግማት አንድ ላይ ሆነው ሰላቱን አላሰግድ ብለውት ነው። አንድ ጠዋት መጥቶ የሸጊትን ገመድ ከእጁ ነጠቀው።

«በቃ!» አለ። «ይሄ በቅሎ ከእኔ ላም ጋራ ይውላል። እዚያ መዥገር ብዙ፣ ወፍ ሆዱ ይጠግባል፣ ቁስሉ ይተወዋል። አንተ አትሄድም እዚያ። አትነካም። አታይም። እጅህ ሥራ ካጣ የእኔ አጥር አለ፣ እሱ እሰር።»

ምትኩ አጥር ላይ ተመደበ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሽመሉም ብዙ ነው። መጀመሪያ እያለቀሰ አሰረ፤ ኋላ ጠቅላላውን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ሸጊት ከላሞቹ ጋር ዋለች፣ አዲስ መዥገር አፈራች፣ ወፎቹ የለመዱትን እየለቀሙ ቁስሏን ረሱት። ቁስሏም ራሷን ዘጋች። ቀስ እያለ ጸጉር ወጣበት። ነጭ።

መንገድ ስንገባ ሸጊት ባዶዋን ሄደች፤ የእሷን ድርሻ የተሸከሙት የእኔ አህዮች ናቸው፣ በእነሱ መግጠብ ማንም ሚስቱን አያጣም። አባይን ስንሻገር ምትኩ ፈራ ተባ እያለ ተጠጋኝ።

«ነጩ ከልጅነቷ የነበረ ነው ብትልልኝስ?»

«አባ ቢሻው እጅ ላይ ነው የተወለደችው» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ወደ ሸጊት ተመለሰ።

አባ ቢሻው ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰላምታውን ተቀብለው ሳይጨርሱ እጃቸውን በሸጊት ጀርባ ላይ አሳለፉ። ጫንቃዋ ላይ እጃቸው ቆመ። ግላሱን ገለጡ።

«ገጥባ ነበር» አሉ። ጠባያቸው ረጋ ያለ ስለሆነ ይህን ሲናገሩ ከቁጣ የባሰ ያስፈራል። ወደ እኔ ዞሩ። «ምስክር፣ ተናገር።»

የጓደኛዬን ፊት አላየሁም፤ ካየሁ አልናገርም። ያየሁትን ሁሉ ከገመዱ ጀምሮ ነገርኳቸው፤ ወፎቹን፣ መዥገር ለቀማውን፣ ትንባሆውን፣ አጥሩን። ስናገር በሩ ከኋላቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ነገሬን ስጨርስ እናኑ ወጣች። ከሄድን ወዲህ ከስታለች። ወደ አባቷም ወደ እኔም አላየችም፣ ቀጥ ብላ ባሏ ፊት ቆመች።

«ጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር ለቀምክ?»

«ሳይቀር» አለ ምትኩ። ምስኪን፣ የሚያድነው ነገር መስሎት ነበር።

«ጅራቷ ሥር?»

«እሱንም። አንዲት አላስቀረሁም፣ እናኑዬ።»

እናኑ ወደ አባቷ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«አባዬ፣ ሰማህ? ምን አደረገሽ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ምን ልበላችሁ? ያቦካሁትን ሊጥ ከኋላዬ መጥቶ ያሸዋል። የታጠቅሁትን መቀነት ፈትቶ ያጠብቅልኛል። ተጣልተን ታርቀን እኔ ረስቼው ስስቅ፣ እሱ ጠባሳውን ገልጦ ‹እውነት ሽሮልሻል?› ይለኛል። ይጠነቀቅልኛል ብዬ ልክሰሰው? ማን ሊሰማኝ! ሽማግሌው ሁሉ ጥጋብ ነው ብሎ አይደል የሄደው? ይኸው፣ እኔ በአፌ ያቃተኝን በቅሎዋ በጀርባዋ ተናገረችልኝ።»

ምትኩ እጆቹን ዘርግቶ ያያቸው ነበር፤ የማን እንደሆኑ የጠፋው ይመስላል። «እኔ እንዳትጎጂ ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ።

አባ ቢሻው የሸጊትን ልጓም ያዙ። «እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ ከገጠበች እናኑ እዚሁ ትቀመጣለች ብያለሁ።»

«ቆይ አባዬ» አለች እናኑ። ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ። «በምን ዳነች አልከኝ?»

«እጁን ከእሷ ላይ ሲያነሳ።»

አሰበች። ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። «እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች። «እኔም እንደ ሸጊት ልዋል። እሱ አጥሩን ይሰር።»

አባ ቢሻው ፍርዳቸው በልጃቸው ሲሻር ቅር ያላቸው መስለው ፊታቸውን አዞሩ፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ እንደሆነ ግን ሸጊትም ሳታውቅ አልቀረች።

እንግዲህ ወፏ ክፉ ናት ደግ? እኔ እንጃ። መዥገር ሲኖር መዥገር ትበላለች፣ ስታጣው ቁስል ትበላለች፤ ስለ እኛ ሚዛን የሰማችው ነገር የለም። ቡሽራን በሚቀጥለው በጋ ጠይቄው ነበር፤ «ወፍ ነው፣ ይራበዋል» አለኝና የአቡጀዲውን ዋጋ ወደ መከራከሩ ተመለሰ።

ክረምቱ ሲወጣ ምትኩ ቤት እንግድነት ሄድኩ። አጥሩ በአገሩ ተወዳዳሪ የለውም፤ እባብም ቢሆን ሳያስፈቅድ አይገባም። ቤት ውስጥ ግን ማሰሮው ከቦታው ዘንበል ብሏል፣ አንድ ምንጣፍ ጫፉ ተጠቅልሏል፣ ማንም አላቃናውም። እናኑ ወፍራለች። ወጥ ይዛልን ወጥታ ከአጠገባችን ተቀመጠችና ወሬ ያዝን። በጸጉሯ ላይ አንዲት የገለባ ስንጥር ነበረች። እኔ አየኋት። ምትኩም አያት። እሱ እንዳየ እናኑ አወቀች፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ አንገቷን ወደ እሱ ዘንበል አደረገች፣ ጠበቀችው። ጋቢው ውስጥ የሆነ ነገር ሲላወስ አየሁ፤ እጁ ነው። ግንባሩ ላብ አወጣ። ስለ እህል ዋጋ አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ የሰፈሩን ሰው አማን። ስነሳ ስንጥሯ እዚያው ነበረች፤ ምትኩ በር ድረስ ሲሸኘኝ ፊቱ እንደ ድል አድራጊ ያበራ ነበር።